ሸክም የሌለበት ምስክርነት

ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ የተበላው ተቀይሮ እንደገና የተገጠመ ሞተር ቁልፍ ሲዞርለት ዝም ካለ፣ ዝምታው ከተራ ብልሽት ይከብዳል። የተበላሸ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሰው ይናደዳል፤ የታደሰ መኪና አልነሳ ሲል ግን መጠራጠር ይጀምራል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ፒስተኑ አዲስ ነው፤ ቴስታታው ተስተካክሎ መጥቷል፤ ጓርኒሲዮኑ ከነማሸጊያው ተገዝቶ ነው የገባው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዲት «ጧ» ብቻ ተሰምታ ነገር ሁሉ ጸጥ ሲል ባለንብረቱን፣ ሹፌሩን፣ መካኒኩንና ቆሞ የሚያየውን መንገደኛ አንድ ጥያቄ ይይዛቸዋል፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን ወደ መልሱ አያደርስም። ለምን እንደማያደርስ ለማየት መካነ ሰላም ጥሩ ቦታ ናት። ከተማዋ በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በምሥራቅ በኩል በአቀስታ አድርጎ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ ደጋ ያቋርጣል፤ በምዕራብ ያለው ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ማዶ ጎጃም፣ ጉንደወይን ይወጣል። እህል የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የጫነ ቅጥቅጥ፣ ሁሉም የሚኖረው በእነዚህ ዳገትና ቁልቁለቶች ላይ ነው። እዚህ ሞተር የሚያድስ ባለሙያ የጎደለውን ዕቃ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ትልቅ ከተማ ያለ ጓደኛው ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ «ሞተሪኖው ይሆናል» ብሎ ከጠረጠረ ከጎረቤት ሱቅ ሌላ ተውሶ ይሞክራል፤ ካልሆነ ይመልሳል። መካነ ሰላም ላይ ግን የተሳሳተ ጥርጣሬ የመንገድ፣ የቀንና የብር ዋጋ አለው። መገመት ውድ በሆነበት አገር ማሰብ ይረክሳል፤ ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይመረምራል።

ጥፋተኛ ፍለጋን በተመለከተ አገራችን ሁለት የቆዩ ሥርዓቶች ነበሯት። አንዱ ሌባሻይ ነው። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። የአካባቢው ሰው ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ተራ በተራ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ዕዳው የሁሉም ይሆናል።

ሌባሻይ ከሕግ ወጥቷል፤ በየጋራዡ በር ግን አሁንም አለ። በቆመው መኪና ዙሪያ የተሰበሰበውን ሰው ማዳመጥ ይበቃል። አንዱ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ሌላው «ሞተሪኖው ነው፤ እኔ ዱሮም ፈርቼ ነበር» ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሞተሩ ሲገጠም ከልክ በላይ ጠብቋል» ይላል፤ ይህኛው ከሁሉ ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም ሁሉም ይፈታ ማለት ነው። ልጁ እየተንገዳገደ የሚወድቀው ሁልጊዜ ከሁለት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ነው፦ ከሁሉ ውድ በሆነው ዕቃ፣ ወይም በመጨረሻ እጅ በነካው ሰው።

ከጥፋተኛው በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ዝምታው የትኛው ዝምታ ነው? ቁልፉ ሲዞር ምንም ካልተሰማ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፤ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ወይም ሞተሩ ሲወርድ ተነቅሎ ሳይመለስ የቀረ ቀጭን ሽቦ ይታያል። አንዴ «ጧ» ብሎ ካቆመ ትእዛዙ ደርሷል፣ የሞተሪኖው ማግኔት ተስቧል፤ ሞተሩን የሚያዞር ጉልበት ግን አልመጣም። «ጠ ጠ ጠ» እያለ ከተንጣጣ ጉልበቱ መጥቶ ሥራ ሲጠየቅ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ማግኔቱ ይለቃል፤ ማግኔቱ ሲለቅ ጉልበቱ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ይመላለሳል፣ ብዙ ጊዜም የደከመ ባትሪ ጠባይ ነው። ሞተሩ ደህና እየዞረ ካልነሳ ደግሞ ሞተሪኖው ነጻ ወጥቷል፤ ናፍጣ ከሆነ የነዳጅ ፓምፑን የሚከፍተው ሶሌኖይድ ሽቦው ተረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ነዳጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሳም። ከሩቅ ለሚሰማ አራቱም «መኪናው አልነሳም» ናቸው። ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ልዩነታቸውን አይሰማም፤ ለመክሰስ አንዱ ዝምታ ይበቃዋል።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ለብዙ ነገር ልክ ነው። ኮረንቲ ግን ሥር የለውም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ በወፍራም ገመድ ሞተሪኖው ይገባል፤ እዚያ ሥራውን ሠርቶ በሞተሩ ብረት ላይ ያልፋል፤ ከሞተሩ በማሳ ገመድ ወደ ሻንሲው ተሻግሮ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ቀለበት ነው። ቀለበት መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ማዕረግም የለውም። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣው ባትሪና በማሳው ቡሎን ሥር ያለችው ሮንዴላ እኩል ሥልጣን አላቸው፤ አንዷ እምቢ ካለች ሁሉም ይቆማል። እኛ ግን ነገርን በማዕረግ ማየት ለምደናል፤ ትልቅ ጉዳት ትልቅ ምክንያት ያለው ይመስለናል።

ከቀለበቱም ቶሎ የሚረሳው የመመለሻው ክፍል ነው። የሚሄደው ገመድ ወፍራም ነው፤ ቀይ ነው፤ ሰው ያየዋል። የሚመለሰው መንገዱን ግማሽ የሚያልፈው ማንም መንገድ ብሎ በማይቆጥረው ብረት ላይ ነው። ሞተሩ ሲወጣ የሚፈታው፣ ሲገባም «በኋላ አስረዋለሁ» የሚባለው እሱ ነው። የማሳው ገመድ ጨርሶ ከተረሳ ኮረንቲው መንገድ መፈለጉን አይተውም፤ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኝ በማንኛውም ቀጭን ብረት ይመለሳል። የአክስለሬተር ገመድ ግሎ ሽፋኑ የሚጨሰው እንዲህ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የተቃጠለውን ገመድ ቀይሮ የሚሄድ አለ። ያ ገመድ የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ነው የነደደው፤ ስለነደደ ግን ጥፋተኛው እሱ ይባላል።

አሁን ወደ አውጫጭኙ ሜዳ እንመለስ። አውጫጭኝ ከሌባሻይ የሚሻለው ሁሉንም በእኩል ስለሚጠይቅ ነው፤ ባለጸጋውም ድኻውም ተራው ይደርሳል። የቮልት መለኪያም እንዲሁ ነው፤ ከባትሪ እስከ ሮንዴላ እያንዳንዱን ይጠይቃል። ችግሩ የሚጠይቀው መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። ጀርመናዊው ጊዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ እንደሚለው በአንድ ተቃውሞ ላይ የሚጠፋው ቮልት በሚያልፈው ኮረንቲ ልክ ይበዛል። አንድ የማሳ መጋጠሚያ ቀለም ወይም ዝገት ገብቶበት 0.05 ኦም ያህል ይቃወማል እንበል። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ 3 ዋት የሆነች የሙከራ አምፖል የምትወስደው 0.125 አምፔር ነው፤ መጋጠሚያው የሚሰርቃት ከአንድ ቮልት ስድስት ሺኛ ብቻ ነው። አምፖሏ ደምቃ ትበራለች፤ መለኪያውም ሙሉውን ያነብባል። ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲጠይቅ ግን ያችው መጋጠሚያ 10 ቮልት ትውጣለች። አምፖሏ አልዋሸችም፤ መለኪያውም አልዋሸም። የተጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ቀላል መልስ ሰጡ። ሸክም የሌለበት ምስክርነት የምለው ይህን ነው። መጋጠሚያ ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሥራ ላይ እያለ ብቻ ነው፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሁሉ ጤነኛ ነው።

ዱሮ ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም ነበር። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሱ መኪናዎችን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ፣ በሰው ክንድ ነበር። ያዞረው ክንድ ሞተሩ መጥበቁን፣ መላላቱን፣ የት ላይ እንደሚከብድ ያውቃል። አንዳንዴ ማኖቬላው መልሶ እየመታ ክንድ ይሰብር ነበርና ማንም አይናፍቀውም። ቢሆንም ሞተሪኖ ክንዱን ሲያሳርፍ ክንዱ የሚያውቀውንም ይዞ ሄዷል፤ ዛሬ በፈቃዳችንና በሸክሙ መካከል አንዲት ትንሽ ቁልፍ ቆማለች፣ የሸክሙን ክብደት አትነግረንም።

ከእድሳት በኋላ የመጣ ብልሽት ሁሉ እድሳቱ ያመጣው ይመስላል። አንዳንዴ እውነት ነው፦ ገመድ ይረሳል፤ ዓመታት የደረቀ ሽቦ ሲነካካ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ሌላ ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት የገባለት ሞተር ገና አልተላመደም፤ ጠበቅ ይላል፤ ለመዞር ከድሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በላላው አሮጌ ሞተር ሥር ለዓመታት እየተንገዳገደ የኖረ መጋጠሚያ አሁን የማይችለው ሸክም ይመጣበታል። ደጋው ደግሞ ይጨምርበታል። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ሞተሩ ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። ከረጅሙ ከአምባ ፈሪት ጋራ ወዲህ ባለው አገር ሌሊቱን ያደረ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዘይቱም ይወፍራል። እንግዲህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አዲሱ ሞተር የሚጠይቀው ከፍተኛውን ነው፤ አሮጌው መንገድ የሚሰጠው ዝቅተኛውን። እድሳቱ ድካሙን አልፈጠረውም። ድካሙን የሚጠይቅ ጤና ነው የፈጠረው። በቤተሰብም ሆነ በማኅበር ውስጥ አንዱ ሲድን የሌላው ሕመም ብቅ የሚለው፣ የዳነውም «ነገር አመጣህ» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

መካነ ሰላም ዳር፣ አንድ የጋራዥ ግቢ ውስጥ ያየሁት ምርመራ ይህን ሁሉ በአጭሩ ያሳያል። አይሱዙ ኤንፒአር ናት፤ ሞተሯ ታድሷል፣ ብሎኩ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ቁልፉ ሲዞር «ጧ»፣ ከዚያ ዝም። ረዳቱ ሞተሪኖውን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠና በገመድ ከባትሪ አገናኘው፤ እያፏጨ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሠራል» አለ ልጁ።

«መሬት ላይ ተኝቶ የማይሠራ ማን አለ?» አለው መካኒኩ። «መልሰህ እሰረው።»

ከዚያ የመለኪያውን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያዘ፤ ቀዩን ጫፍ ብሎኩ ላይ ቀለም የሌለበት ቦታ ፈልጎ አስነካና ሹፌሩን ቁልፍ እንዲያዞር ጠየቀው። ሁለቱም የአንዱ ቀለበት መመለሻ ናቸው፤ በመካከላቸው ግማሽ ቮልት እንኳ ከታየ በዝቷል። መለኪያው ከ10 በላይ አነበበ። ቀዩን ጫፍ ከብሎኩ ወደ ሻንሲው አዛወረና እንደገና አስዞረ፤ ቁጥሩ ወደ ባዶ ወረደ። ማንንም አልከሰሰም። «ከዚህ እስከዚህ ነው» ብሎ በሁለት ጣቱ አሳየ። ጎንበስ ብለን ስናይ የማሳው ገመድ ብሎኩ ላይ በደንብ ጠብቆ ታስሯል፤ የታሰረው ግን በብርማው ቀለም ላይ ነው። ኮረንቲው የሚያልፈው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር፤ ማግኔቱን ለመሳብ በቅቷል፣ ሞተሩን ለማዞር ግን አልበቃም። መንገዱን የዘጋው ሞተሩን ያሳመረው ቀለም ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ፋቀው፤ አሰረው፤ ቁልፉ ዞረ፤ ተነሳች።

ባለንብረቱ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ሰዉም መበተን ጀመረ። መካኒኩ ግን ሞተሩን አስጠፋ። ቡሎኑን ፈትቶ፣ ያው ቀለም የደረቀባት ሮንዴላ ከተርሚናሉ ሥር አስገብቶ መልሶ አሰረና ቁልፍ አስዞረ። «ጧ።»

«አንተ ልጅ! የተነሳ መኪና ምን ላድርግ ብለህ ነው የምትነካካው?» አሉ ሽማግሌው።

«አብሽሩ ጋሼ፤ አሁን ገና ነው ያወቅሁት» አላቸው። ሮንዴላዋን አወጣት፤ መኪናዋ ተነሳች።

እዚህ ላይ ነው በመነሳትና በማወቅ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው። መኪናዋ መጀመሪያ ስትነሳ ቀለሙ መፋቁ ብቻ አልነበረም የተለወጠው። ሞተሪኖው ተፈትቶ ታስሯል፤ ገመዶች ተነካክተዋል፤ ባትሪው ጥቂት አርፏል። ከእነዚህ አንዱ ለጊዜው አድኗት ቢሆንስ? ብዙ የኮረንቲ ብልሽት እጅ ስለነካው ብቻ ለሁለት ቀን ይድናል፤ በሦስተኛው ቀን ባለሙያ በሌለበት ይመለሳል። ምክንያቱን አግኝቻለሁ ሊል የሚችለው ጥፋቱን በፈቃዱ ማስቀረትም መመለስም የሚችል ሰው ነው። ማስቀረቱ ብቻውን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ መመለሱ ሲጨመርበት እውቀት ይሆናል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሰው ደስታውን ለአፍታ ማቆም አለበት፤ ሁሉም «ይብቃህ» ሲለው የተነሳውን ማጥፋት አለበት። ሌባሻይ የማይደፍረው ይህን ነው፤ ልጁን በማግሥቱ እንደገና አጠጥተው ቢለቁት ከዚያው ቤት ይወድቅ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ደጋው ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያሳርፍ ሌላ መውጫም አለው፦ ቁልቁለት። ሹፌሩ ማታ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ያቆማል፤ ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ጠዋት ታኮው ይነሳል፣ መኪናው ይንከባለላል፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ሞተሪኖ አይፈልግም። ቀን የሚከፈለው ጭነት ያለበት ሰው ይህን ቢያደርግ አልነቅፈውም፤ ብልሃት ነው፣ ብዙ ቤት አኑሯል። ነገር ግን በዚህ ብልሃት ተራራው የጥፋቱ ተባባሪ ይሆናል። ቁልቁለት እስካለ ጥፋቱ አይጠየቅም፤ ሳይጠየቅ ይከርማል። ጥያቄው የሚመጣው መኪናው ዓባይ ሸለቆ ግርጌ፣ ከፊቱ ዳገት ብቻ ባለበት ስፍራ የጠፋ ዕለት ነው።

እንዲህ በቁልቁለት የሚኖረው መኪና ብቻ አይደለም። አሠራሩ የተቋረጠበት መሥሪያ ቤት አንዲት ትጉህ ጸሐፊ ፋይሉን በእጇ ከቢሮ ቢሮ እያዞረች፣ በሌላው ፈንታ ስልክ እየደወለች፣ ምሳዋን እየተወች ታስኬደዋለች። ከውጭ ለሚያይ ቢሮው ይሠራል። እሷ ግን የቢሮው ቁልቁለት ናት፤ ሲብስም ያ የጋለው የአክስለሬተር ገመድ ናት። የተዛወረች ወይም የታመመች ዕለት ሁሉም ይቆምና ሰዉ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜም የሚጠየቀው ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ ፋይሉን የያዘችው እሷ ስለሆነች የሌባሻዩ ልጅ ከእሷ ደጃፍ ይወድቃል።

የመካኒኩ ጣቶች ያሳዩት «ከዚህ እስከዚህ» ስም የለበትም። ስም ስለሌለበት የሚሸማቀቅም የሚደበቅም የለም፤ አጠገቡ ቆሞ ብርጭቆ ወረቀቱን ያቀበለው ራሱ ቀለሙን የቀባው ረዳት ነበር። ቦታ ሲጠየቅ ሁሉም ያግዛል፤ ጥፋተኛ ሲጠየቅ ሁሉም ይምላል። ኃላፊነት አይኑር ማለቴ አይደለም። ኃላፊው በፍርድ የሚለየው ቦታው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ፍርድ ግምት ነው፣ ዕዳውም የሚወድቀው ማምለጥ ባልቻለው ላይ ነው።

ባለንብረቱ ሒሳብ ሲያደርጉ የከፈሉት ለእድሳቱ፣ ለዕቃውና ለእጅ ዋጋ ነው። መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ለባከነችው ሩብ ሰዓት መካኒኩ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አላሰቡትም፣ እንዲያውም ስላዘገያቸው አኩርፈዋል። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሥራ ውድ የነበረችው ያች ሩብ ሰዓት ናት። የቀረው መኪናዋን አስነሳ፤ እሷ ደግሞ ነገ ጠዋት ለምን እንደምትነሳ አሳወቀች።